ቤት ውስጥ ተስፋን መያዝ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ክርስቲያን ቤተሰቦች የማታ ጸሎት አሠራር

ከቅዳሴ ስንወጣም፣ እድር ላይም፣ ለቅሶ ቤትም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ልጆቹ ‹እግዚአብሔር ያሸንፋል ትላላችሁ፤ ታዲያ እኛ ለምን እንዲህ ሆንን?› ይሉናል። ምን እንበላቸው?» የሚጠይቁኝ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቤታቸውን ጥለው የወጡ፣ ልጃቸው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባቸው፣ ከሥራ የተቀነሱ፣ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ አሠራሩን ከነምክንያቱ ጻፍኩላችሁ። ማታ ማታ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ወንጌላውያን ቤተሰቦችም ስለሚጠይቁኝ የሚለየውን በየቦታው ጠቁሜያለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ለዩ

የእግዚአብሔር የመጨረሻ ድል ስንል ይህንን ነው፦ ክርስቶስ ሞቶ ተነሥቷል፤ ዳግመኛ ይመጣል፤ ሙታን ይነሣሉ፤ የኋለኛው ጠላት ሞት ይሻራል (1ኛ ቆሮ. 15፥26)፤ እንባ ሁሉ ከዓይን ይታበሳል (ራእይ 21፥4)። በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ላይ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን የምንለው ይህንኑ ነው።

የዚህ ወር ኪራይ መሙላት፣ የተዘጋው መንገድ መከፈት፣ የታመመው ሰው መዳን ግን በዚህ ቃል ውስጥ ቀን ተቆርጦላቸው አልተሰጡም። እነዚህን እንለምናለን። የመጀመሪያውን አጥብቀን እንይዛለን፣ ሁለተኛውን ሳንታክት እንለምናለን። አሠራሩ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ቤት ውስጥ እምነት ሲናጋ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ተደበላልቀው ለልጆች ሲነገሩ ነው። «አባባ ለፋሲካ ይመጣል፣ እግዚአብሔር ቃል ገብቷል» የተባለ ልጅ ፋሲካው አልፎ አባቱ ሳይመጣ ሲቀር የሚጠራጠረው የነገረውን ሰው አይደለም፤ እግዚአብሔርን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መጽሐፍ ቅዱስ፤ ሰማንያ አሐዱም ይሁን ስድሳ ስድስቱ። የታተመ ቢሆን ይመረጣል። በስልክ የምታነቡ ከሆነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ኔትወርክ የሚጠፋው በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰሞን ነው።
- መዝሙረ ዳዊት፣ ቤት ውስጥ ካለ።
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ደብተሩ ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁን፤ የሱቅ ዱቤ የሚጻፍበት አይሁን።
- ባትሪ ወይም በፀሐይ የሚሞላ መብራት፤ ከሌለ ሻማ። መብራት ስለጠፋ ጸሎቱ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ቦታ አስቀምጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ደሴ ማታ ስለሚበርድ ቡና የተፈላበትን ከሰል ሳናወጣ በርና መስኮት ዘግተን እንቀመጣለን። ከሰሉ ጭሱ ቢያልቅም ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ጸሎት ከመጀመራችሁ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጡት። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ካልተሻለ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሠራሩ

1. ሰዓቱን ቁረጡ

ለብዙው ቤት እራት እንደተነሣ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ከዚያ ከዘገየ ትንንሾቹ ይተኛሉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት ሰዓቱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከሥራ ጋር ያያይዘው፦ «እማማ ከፈረቃ ገብታ እጇን እንደታጠበች» ብላችሁ ቁረጡ። ቤቱ የሚሞቅባችሁ ኮምቦልቻዎች በረንዳ ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ።

ሰዓት መቁረጥ ያስፈለገው በክፉ ቀን ሰው ለመወሰን አቅም ስለሚያጣ ነው። «ዛሬ እንጸልይ ወይስ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ከተነሣ በሳምንቱ መልሱ «ይቅር» ይሆናል።

ብዙዎቻችን ሙስሊም ጎረቤት አለን፤ በሰዓቱ መካከል ቡና ብለው ሊገቡ ይችላሉ። አታፍሩ፣ ሰውም አትመልሱ። «ጸሎት ላይ ነን፣ ቁጭ በሉ፣ አሁን እንጨርሳለን» በሏቸው። የጸሎት ሰዓት ምን እንደሆነ ከእኛ ባልተናነሰ ያውቃሉ።

2. ችግሩን በስሙ ጥሩት

እያንዳንዱ ሰው የከበደውን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ከትንሹ ልጅ ጀምሩ። አባት ወይም አያት ከጀመሩ ልጆቹ የእነሱኑ ደግመው ያልፋሉ፣ የራሳቸው ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ማንም ማንንም አያርምም። ልጁ «የጎማ ፍንዳታ ስሰማ እፈራለሁ» ቢል «ይሄ ምን ያስፈራል?» አይባልም፤ «ተመስገን በል» ተብሎም አይዘጋም። ምስጋናው በቦታው ይመጣል። አሁን «ሰምተንሃል» ማለት ይበቃል። ዝም ማለት የፈለገ ሰው ዝም ይበል፤ ተራው ግን አይታለፍ፣ ስሙ ተጠርቶ ይጠበቅ።

ገንዘብን በተመለከተ ለልጆች እውነቱን በልካቸው ንገሯቸው። «በዚህ ወር ሥጋ አንገዛም፣ ትምህርት ቤት ግን ትሄዳላችሁ» ልጅ ሊሸከመው የሚችል እውነት ነው። የአበዳሪውን ስምና የዕዳውን መጠን ግን ለራሳችሁ ያዙት።

ይህን ደረጃ «እምነት ማጣት ነው» ብለው የሚዘሉት አሉ። ራእይ 6፥9-11ን ያንብቡ። ስለ እግዚአብሔር ቃል የታረዱት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው «እስከ መቼ?» እያሉ በታላቅ ድምፅ ይጮኻሉ። ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፣ ጥቂት እንዲያርፉ ተነገራቸው፣ ስለ ጩኸታቸው ግን አልተወቀሱም። በሰማይ ያልተከለከለ ጥያቄ በእኛ ሳሎን ሊከለከል አይገባም።

3. አንብቡ

ለመጀመሪያው ሳምንት ይህን ተጠቀሙ፦

ሰኞ፦ መዝሙር 13
ማክሰኞ፦ ዕንባቆም 3፥17-19
ረቡዕ፦ ዳንኤል 3፥13-18
ሐሙስ፦ ሮሜ 8፥31-39
ዓርብ፦ ዮሐንስ 16፥20-33
ቅዳሜ፦ ዮሐንስ 11፥32-44
እሑድ፦ ራእይ 21፥1-7

ስለ መዝሙር ቁጥር አትደናገጡ። ቤታችሁ ያለው ዳዊት የግእዙን ቁጥር የሚከተል ከሆነ ከ10ኛው በኋላ አብዛኛው በአንድ ያንሳል፤ 13ኛው እዚያ 12ኛ ነው፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው 23ኛው ደግሞ 22ኛ ነው። «እስከ መቼ» ብሎ የሚጀምረውን ፈልጉ።

ሳምንቱ በልቅሶ ጀምሮ በድል የሚያልቀው በምክንያት ነው። ሰው የተጨነቀበት ሳይነገር ድሉ ብቻ ከተነበበለት ስለ ሌላ ሰው የሚነበብ ይመስለዋል።

ረቡዕ ላይ አትቸኩሉ። ሠለስቱ ደቂቅ ለንጉሡ ሁለት ነገር ነው የመለሱት። አንደኛ፣ አምላካችን ከሚነደው እሳት ሊያድነን ይችላል አሉ። ሁለተኛ፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ከእሳቱ መውጣታቸውን ሁላችንም ለልጆቻችን እንተርካለን፤ «ባያድነንም» የሚለውን ግን ዘለነው እናልፋለን። ቁጥር 18 ላይ ቆማችሁ ልጆቹን ጠይቋቸው፦ «ይህን ሲናገሩ እንደሚድኑ ያውቁ ነበር?» አያውቁም ነበር። ድሉ ያረፈው ከእሳቱ በመውጣታቸው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመግባታቸው በፊት እንዲህ ለማለት የሚያስችል ነገር ባልነበራቸው። ከዚህ ቀጥሎ ዕብራውያን 11ን ለትልልቆቹ ብታነቡላቸው ይጠቅማል፤ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ በዚያው እምነት፣ አንዳንዶቹ ከሰይፍ ስለት አመለጡ (ቁ. 34)፣ ሌሎቹ በሰይፍ ተገደሉ (ቁ. 37)። የሞተባችሁ ሰው እምነቱ ጎድሎ እንዳልሞተ ልጆቻችሁ የሚሰሙት ከዚህ ነው።

ካነበባችሁ በኋላ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «እነዚህን ሰዎች የከበዳቸው ምን ነበር? እግዚአብሔር ምን አደረገ ወይም ምን አለ?» ስብከት አትጨምሩ። ከ7 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ ሁለት ቁጥር አንብባችሁ ቀሪውን በቃል ተርኩላቸው።

4. ደብተሩን በሁለት ክፈሉ

ገጹን መሐል ለመሐል አስምሩት። በግራ «የታመነ ቃል»፣ በቀኝ «ልመናችን» ብላችሁ ጻፉ። የአንድ ማታ ገጽ ይህን ይመስላል፦

የታመነ ቃል፦ ሞት ይሻራል (1ኛ ቆሮ. 15፥26)። ጌታ እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእኛ ጋር ነው (ማቴ. 28፥20)። ከፍቅሩ የሚለየን የለም (ሮሜ 8፥38-39)።

ልመናችን፦ እታለም ከሳዑዲ እንድትደውል። የኅዳር ኪራይ። የእማማ ጉልበት። የጎማ ፍንዳታ ፍርሃት።

በግራ በኩል ምዕራፍና ቁጥር የሌለው ነገር አይጻፍም። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። አንድ ሰው «እታለም በዚህ ወር ትደውላለች፣ ተሰምቶኛል» ካለ በፍቅር በቀኝ በኩል ጻፉለት። ፍላጎታችን ምንም ያህል ቅን ቢሆን ተስፋ ቃል አይሆንም። የሚጽፈው ደግሞ ከልጆቹ አንዱ ይሁን። በገዛ እጁ የጻፈውን ልጅ አይረሳውም፣ በየትኛው በኩል እንደሚጻፍ ሲጠይቃችሁም ልዩነቱን እየተማረ ነው።

5. ጸልዩ

ተነሡና ቁሙ፤ ኦርቶዶክሳውያን ወደ ምሥራቅ ዙሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ በግራ ያለውን እያነበባችሁ አመስግኑ፣ ቀጥሎ በቀኝ ያለውን አንድ በአንድ ለምኑ፣ በመጨረሻ አባታችን ሆይ በሉ። «መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ስትደርሱ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አረፍ በሉ። ስለ መጨረሻው ድል የምንጸልየው እዚያ ላይ ነው፤ በልማድ ፈጥነን እናልፈዋለን።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት በዚህ ቦታ ላይ የትንሣኤውን ሰላምታ ተቀባበሉ። አንዱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሌሎቹ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን»፣ «አሠሮ ለሰይጣን» ሲል «አግዐዞ ለአዳም»፣ «ሰላም» ሲል «እምይእዜሰ»፣ «ኮነ» ሲል «ፍሥሐ ወሰላም» ይበሉ። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው የሚለው ያለፈ፣ የተፈጸመ ነገር መሆኑን ለልጆች ንገሯቸው። ወንጌላውያን ቤተሰቦች ልጆቹ የሚያውቁትን አንድ የትንሣኤ መዝሙር ዘምሩ።

6. የነገን አንድ ሥራ ወስኑ

ከመበተናችሁ በፊት ነገ የሚሠራ አንድ ነገር ተስማሙ። ትንሽ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ማን እንደሚሠራው የታወቀ ይሁን፦ ጎረቤት ላሉት አሮጊት አንድ ጀሪካን ውሃ መቅዳት፣ ደሴ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ መጠየቅ፣ ሥራ ሊያውቅ የሚችል ሰው ዘንድ መሄድ፣ ከተጣሉት ሰው ጋር ሰላምታ መጀመር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ትንሣኤ የጻፈው ያ ረጅም ምዕራፍ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፣ የሚያልቀው በቁጥር 58 ነው፤ እሱም ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይሆን አውቃችሁ ሥሩ የሚል ነው። ኤርምያስም ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ላላችሁባት ከተማ ሰላም ፈልጉ ብሏቸዋል (ኤር. 29፥5-7)። የእግዚአብሔርን ድል የሚጠብቅ ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ የሚነግር ቃል የለም።

7. ወር ሲሞላ ደብተሩን ግለጡ

በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡት። የተመለሰ ልመና ካለ ቀኑን ጎኑ ላይ ጻፉ። ያልተመለሰውን አትሰርዙ፤ ወደ አዲሱ ገጽ አሻግሩት። የተመለሰውንና ያልተመለሰውን እየቆጠራችሁ እግዚአብሔርን ማርክ አትስጡት፤ የግራው ዓምድ የቆመው በቀኙ ውጤት ላይ አይደለም።

ማስጠንቀቂያዎች

ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁን ሰው ተጠንቀቁ። «በሦስት ወር ጦርነቱ ያልቃል፣ ታይቶኛል» የሚል ሰው በየዘመኑ አለ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ምርኮው በ2 ዓመት ያልቃል ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር (ኤር. 28)፤ ኤርምያስ ደግሞ 70 ዓመት አለ፤ የሆነውም የኤርምያስ ነው። ጌታም ያቺን ቀንና ሰዓት ማንም አያውቅም ብሏል (ማቴ. 24፥36)። «ድል» ለማምጣት ገንዘብ አስገቡ የሚላችሁን ደግሞ ጨርሶ አትስሙት። ብር አትላኩ፤ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለመጋቢያችሁ ንገሩ።

የእግዚአብሔርን ድል ከአንድ ወገን ጦር ድል ጋር አታዛምዱት። ይህን አጥብቄ የምለው ልጆቻችን ብዙ ስላዩ ነው። ኤፌሶን 6፥12 ውጊያችን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ ይናገራል። በጸሎት ሰዓት የአንድ ብሔር ወይም የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ስም ለእርግማን ከተነሣ የዚያን ማታውን ልመና እዚያው አቁሙና ለእነዚያው ሰዎች ምሕረት በመለመን ጨርሱ።

ጸሎት ሕክምናን አይተካም፣ ጠበልም መድኃኒት አያስቆምም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እየወሰዱ መጠመቅ ይቻላል። ከቤተሰቡ አንዱ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ካቆመ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ «እምነቱ ደክሞ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ሰዓቱን የልጆች መገሠጫ ማድረግ። «ጌታ ሆይ ይህን ሰነፍ ልጅ…» እየተባለ የተጸለየበት ልጅ በነጋታው ሆዱን ያመዋል። ተግሣጽ ሌላ ጊዜ አለው።
- ማስረዘም። አንድ ቀን አንድ ሰዓት ከሄዳችሁ በማግስቱ ማንም አይመጣም። 25 ደቂቃ ሲሞላ አቁሙ።
- ራእይን ከመካከል መጀመር። ልጆች አውሬውንና ቁጥሩን ይዘው ይተኛሉ። ለቤተሰብ ከምዕራፍ 21 ጀምሩ።
- ቤት ውስጥ ጸለይን ብሎ ከቤተ ክርስቲያን መቅረት። ብቻውን የሚጸልይ ቤት ሲደክም የሚያነሣው አያገኝም።

ቤቱ ላይ ለቅሶ ከመጣ

አሠራሩን በግማሽ ቀንሱት። ደረጃ 2ን፣ አንድ ንባብና አባታችን ሆይን ብቻ አስቀሩ። ንባቡ የቅዳሜው ይሁን፣ ዮሐንስ 11። ጌታ አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ትንሣኤን ማመን ልቅሶን አይከለክልም፤ «ክርስቲያን አያለቅስም» የሚል ዘመድ ቢመጣ ይህን አንብቡለት። ደብተሩን እስከ አርባው ድረስ ባትከፍቱት ምንም አይደለም።

ከቤቱ ሰው አንዱ አልቀመጥም ካለ

ብዙ ጊዜ ከፍ ያለው ልጅ ወይም አባትየው ነው። አትለምኑት፣ አታስገድዱት፣ በጸሎትም አትውቀሱት። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩት፤ ካልመጣ ያለ እሱ ጀምሩ፣ ድምፃችሁ ግን እሱ ወዳለበት ክፍል የሚሰማ ይሁን። ከዚያ የነገውን ሥራ ለእሱ ስጡት፦ «ነገ ጀሪካኑን ለእትዬ አንተ ታደርስላቸዋለህ?» መቀመጥ ያቃተው ሰው መሥራት ላያቅተው ይችላል። ካደረሰ በኋላ ያን ማታ በደብተሩ ላይ ስሙንና የሠራውን ጻፉ፤ ደብተሩንም በግልጽ ቦታ ተዉት።